ማን ምን አይበላም? ስላልተደረገ አንድ ጉዞ ዕቅድ



በዚህ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ እንድናገር ስጋበዝ የተሰጠኝ ርእስ «ምግብና ቱሪዝም በደቡብ ኦሞ» የሚል ነበር። ርእሱ ሰፊ ነው። ሰፊ ርእስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁሉን ነክቶ አንዱንም ሳይጨብጥ ያልቃል። ስለዚህ ፈቃዳችሁ ቢሆን ከአንድ ትንሽ ጉዳይ ልነሣ፤ እኔና አንድ ወዳጄ ለአምስት ቀናት ወደ ውጭ አገር ሄደን የሰው አገር ምግብ ለመብላትና የወይን ጠጅ አገር ለማየት ስላወጣነው ዕቅድ። ጉዞው አልተደረገም። ዕቅዱ ግን ተወልጄ ያደግሁባትን ሃናን እንደ እንግዳ ሆኜ እንዳያት አደረገኝ፤ ዛሬ ላካፍላችሁ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

ወዳጄ የአሪ ተወላጅ ነው፤ የሚያስተምረውም የአትክልትና ፍራፍሬ ሳይንስ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ አንድ ምሽት ጂንካ ላይ ቡና እየጠጣን ሳለ «አንድ ጊዜ እንኳ ለስብሰባ ሳይሆን ለመብል ብለን አገር እንይ» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከሳቁ በኋላ ግን ወረቀት አወጣን። የመረጥነው በሰሜን ምዕራብ ኢጣልያ የሚገኘውን የፒዬሞንቴን ክፍለ አገር ነበር። የዚያ አካባቢ የወይን እርሻዎች፣ ማለትም የላንጌ፣ የሮኤሮና የሞንፌራቶ ኮረብታዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። የእኛው የታችኛው ኦሞ ሸለቆ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በ34 ዓመት ቀድመናቸዋል ማለት ነው። ልዩነቱ የእኛ ሸለቆ የተመዘገበው በጥንታውያን ሰዎች አጽም ሲሆን የእነርሱ ኮረብታ የተመዘገበው ዛሬም በሕይወት ያሉ ገበሬዎች በሚሠሩት ሥራ መሆኑ ነው። ይህን ልዩነት ያን ማታ በቀልድ አለፍነው፤ በኋላ ግን እየተመለሰ ጠየቀን።

አብሮ ለመብላት የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ጓደኛው የማይበላውን ነው። ወዳጄ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ነው፤ አልኮል አይቀምስም። እኔ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ረቡዕና ዓርብን እጾማለሁ። እንግዲህ ወይን ጠጅ የማይጠጣ ሰውና በሳምንት ሁለት ቀን ሥጋና ወተት የማይበላ ሰው፣ በወይን ጠጅ፣ በቅቤና በአይብ ወደ ታወቀ አገር ሊሄዱ ነው። ዕቅዱን ከባድ ያደረገው ይህ ነበር፤ መልክ የሰጠውም ይኸው ነው።

ቀኑን ከዘመን መቁጠሪያችን አወጣነው። የኔቢዮሎ ወይን የሚለቀመው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ባሉት ሳምንታት ነው። በአልባ ከተማ ዙሪያ ከመሬት በታች የሚበቅለውና በውሻ አፍንጫ እየተፈለገ የሚወጣው ነጭ ትራፍል የሚባለው የእንጉዳይ ዘመድ ለገበያ የሚቀርበውም በዚሁ ወቅት ነው። ጥቅምት ከዐቢይ ጾምም ከነቢያት ጾምም የራቀ ወር ነው፤ የጽጌ ጾም ቢኖርም የፈቃድ ነው። ስለዚህ ከሐሙስ ጥቅምት 7 እስከ ሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ያሉትን አምስት ቀናት ያዝን። በመካከላቸው የሚገኘው የጾም ቀን ዓርብ ብቻ ነው። ለዓርብም መፍትሔ አገኘን፤ በቶሪኖ ከተማ ከሽምብራ ዱቄት፣ ከውኃና ከዘይት ተለውሶ በሰፊ መጥበሻ ምድጃ ውስጥ የሚጋገር ፋሪናታ የሚሉት ቂጣ አለ። የጾም ምግባችን ከሽምብራ፣ ከሽሮና ከዘይት ለተሠራ ለእኛ ይህ የቤት ያህል ነው።

የወዳጄ ጉዳይ የወይን ማምረቻዎቹን ስናስብ ተነሣ። በባለሙያ ወግ ወይን ጠጅ የሚቀምስ ሰው መዋጥ የለበትም፤ አፉ ውስጥ አንከባሎ፣ ጠረኑን አዳምጦ፣ ለዚያ በተዘጋጀ ዕቃ ይተፋዋል። ይህን ስነግረው «ታዲያ ለመትፋት ነው ይህን ሁሉ አገር የምናቋርጠው?» አለኝ። በመጨረሻ ሥራውን ተከፋፈልን፤ እኔ ብርጭቆውን፣ እርሱ ግንዱንና አፈሩን። በእርሱ ምክንያት ዕቅዳችን ከመጠጫ ክፍል ወጥቶ ወደ እርሻው ገባ። የሚጠጣ ጓደኛ ይዤ ቢሆን ኖሮ ከመጠጫ ክፍሉ የምወጣ አይመስለኝም።

ሌላው ደንባችን ቀላል ነበር። ማደሪያችን አንድ ከተማ ይሁን፤ አምስት ቀን ይዞ በአምስት ከተማ የሚያድር ሰው ከምግብ ይልቅ ሻንጣ ሲያነሣ ይከርማል። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ተቀምጠን በደንብ እንብላ፤ ለቀረው ከገበያ የተገዛ ዳቦና ፍራፍሬ ይበቃናል። በየቀኑም የበላነውን ነገር ከሠራው ሰው ጋር፣ ቢያንስ ከአንዱ ጋር፣ እንገናኝ። ይህ ሦስተኛው ደንብ የወዳጄ ነው። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህ ደንብ የተቀዳ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ የምትሄዱበትን አገር አስቀድማችሁ ስታነቡ ውበቱን ብቻ አታንብቡ። እኔ ስለ ባሮሎ ወይን ጠጅ ሳነብ መጀመሪያ ያገኘሁት ሕጉን ነበር። ባሮሎ የሚለው ስም ሊጻፍ የሚችለው በ11 የተወሰኑ መንደሮች ክልል ውስጥ በበቀለ የኔቢዮሎ ወይን ላይ ብቻ ነው፤ ወይን ጠጁም ለ38 ወራት መቆየት አለበት፤ ከዚህ ውስጥ 18ቱን ወር በእንጨት በርሜል። ይህ ትዕግሥት አስደነቀኝ። ከዚያ ግን ወደ ኋላ ሄጄ የባሰውን አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1986 በዚያው በፒዬሞንቴ ውስጥ የአልኮል መጠኑ ከፍ እንዲል ሜታኖል የተጨመረበት ርካሽ ወይን ጠጅ ተሸጦ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ዓይናቸው የጠፋም ነበሩ። የኢጣልያ ወይን ጠጅ ስም በዓለም ገበያ ወደቀ። ዛሬ ስሎው ፉድ በመባል የሚታወቀው፣ ምግብን ከአምራቹና ከቦታው ጋር ለማስተሳሰር የሚሠራው እንቅስቃሴ መነሻ የሆነው ማኅበርም በዚያው ዓመት በዚያው አካባቢ ተመሠረተ። የላንጌ ኮረብታዎች ከዚያ በፊትም የድህነትና የስደት አገር ነበሩ፤ ኑቶ ሬቬሊ የተባለው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ የዚያን ክፍለ አገር ድኻ ገበሬዎች ቃል ሰብስቦ አስቀምጧል። እንግዲህ ዛሬ ዓለም ለመብል የሚጎርፍበት አገር ትናንት የራበውና በመጠጡ ሰው የገደለ አገር ነበር።

ይህን ያነበብሁ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ጉዞው ለምን እንደ ቀረ በአጭሩ ልናገር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የሁለት መምህራን ቁጠባ በአንድ ክረምት ግማሽ ያህል ሆነ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን የቪዛ ማመልከቻ የሚወስደውን መደበኛ የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አስረዝሞ ነበር፤ የማመልከቻው ክፍያ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ዋስትናም ያስፈልጋል። ደመርነው፤ ደገምነው። ማመልከቻ ሳናስገባ ዕቅዱን መሳቢያ ውስጥ ከተትነው። ማንንም አልወቀስንም፤ ግን አንድ ነገር ታየን። እኛ ወደ እነርሱ ለመሄድ ይህን ሁሉ ስንቆጥር፣ ከእነርሱ ወገን ወደ ደቡብ ኦሞ የሚመጣው መንገደኛ በጥቂት ቀናት ዝግጅት እኛ በር ላይ ይቆማል። በራችን ላይ ሲቆም ምን እናበላዋለን?

ሐሙስ ጥቅምት 7 ቀን፣ አውሮፕላን እንሳፈርበታለን ባልነው ቀን፣ ወዳጄ ቢሮዬ መጣ። «ቪዛ የማይጠየቅበት አገር እንሂድ፤ ደንቡ ግን ያው ይሁን» አለኝ። ዓርብን በጾም አሳልፈን ቅዳሜ ከጂንካ ገበያ ጀመርን። ከአሪ ደጋ የወረደ የእንሰት ውጤት፣ ቡና፣ ኮረሪማና ቅቤ አየን። ኮረሪማ በዚህ አገር ጫካ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ወዳጄ ስለ እርሱ ሲናገር ድምፁ ይለወጣል። በማግሥቱ በማጎ ብሔራዊ ፓርክ በኩል አቋርጠን ወደ ሃና ወረድን።

ሃና የሳላማጎ ወረዳ ከተማ ናት። ቦዲው፣ ሙርሲው፣ ዲሜው፣ ከሌላ አካባቢ መጥቶ የሠፈረውም በገበያዋ ይገናኛሉ። በ2003 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የኦሞ ኩራዝ ስኳር ልማት ምክንያትም ከብዙ ክፍለ አገር ሠራተኛ መጥቶባታል፤ ከእርሱም ጋር ሻይ ቤቱ፣ ምግብ ቤቱና መጠጥ ቤቱ በዝቷል። እኔ ያደግሁት ከዚያ በፊት በነበረችው ትንሽ ሃና ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሚኖር የልጅነት ጓደኛዬ የሆነ የቦዲ ተወላጅ አለ። ወደ እርሱ ቤት ሄድን።

አባቱ፣ እኔ በልጅነቴ እንደ አባት የማያቸው ሽማግሌ፣ በጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ሰላምታ ከሰጠናቸው በኋላ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ጓደኛዬ ሳቀና ተረጎመልን። «ካሜራቸው የት አለ?» ነው ያሉት። እንዳልያዝን፣ ለመብላት እንደ መጣን ነገርናቸው። ደጋግመው ጠየቁ። ከከተማ መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው ፎቶ ያነሣል፤ ለፎቶ ደግሞ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ሊበላ የመጣ ሰው ግን ስንት ይከፍላል? ጓደኛዬ ይህን ሲያሰላ ዝም አለ። በኋላ «እንግዳ ከሆናችሁ ዋጋ የለም፤ ቱሪስት ከሆናችሁ ደግሞ ምግብ አንሸጥም» አለኝ። ወዲያው የማሽላ ገንፎ ከእርጎ ጋር፣ በቅልም የፈላ የቡና ገለባ ቀረበልን። ወዳጄ ቡናውን እየደጋገመ ጠጣ፤ በዚያ ቤት ከእኔ የተሻለ እንግዳ ሆኖ ዋለ።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ልቆይ። አንትሮፖሎጂስቱ ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጽሑፍ በሙርሲዎችና ፎቶ ለማንሣት በሚመጡ ሰዎች መካከል ያለውን ግንኙነት መርምሯል። ነገሩ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ቦዲዎች በክረምት መግቢያ ላይ የሚያከብሩት ካኤል የተባለ በዓል አለ። የተመረጡ ወንዶች ለወራት ወተትና ደም እየጠጡ ሰውነታቸውን ያገዝፋሉ፤ በበዓሉ ቀን አደባባይ ይወጣሉ። በደቡብ ኦሞ እንደ ካኤል ከምግብ ጋር የተቆራኘ በዓል ማግኘት ያስቸግራል። ጎብኚው ግን የሚመለሰው የገዘፈ ሰው ምስል ይዞ ነው፤ ወተቱ የማን ላም እንደ ሆነ፣ ላሟ የት እንደ ጋጠች፣ ለምን እንደ ተደገሰ ሳይጠይቅ። ፎቶ አንሺ ከፍሎ ሲሄድ በሁለቱ መካከል የሚቀር ነገር የለም። አብሮ የበላ ሰው ግን በእኛ ባህል ሲወጣም እዳ ይዞ ይወጣል፤ ሌላ ቀን እርሱም ማብላት አለበት።

ታዲያ «ቱሪዝማችንን ከካሜራ ወደ ማዕድ እናዙረው» ብዬ ንግግሬን ብጨርስ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ሽማግሌው አንድ ነገር ጨመሩ። «ይህ ወር እኮ ወንዙ ዳር የምንሆንበት ወር ነበር» አሉ። ኦሞ በክረምት ሞልቶ ዳርቻውን አጥለቅልቆ ሲመለስ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ በረጠበው አፈር ማሽላ ይዘራ ነበር፤ በበጋው ይታጨድ ነበር። 243 ሜትር ከፍታ ያለው የጊቤ 3 ግድብ እ.ኤ.አ. በ2015 ውኃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ያ ዓመታዊ ሙላት ቀርቷል። የቀረው የዝናብ እርሻ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ አይታመንም። እንግዲህ እኛ የበላነው ገንፎ ከአንዱ መከር የተረፈ ነው። ሌላው መከር የለም። «የአገሬው ምግብ» ብለን ለጎብኚ የምንሸጠው ከዚህ ጓዳ ከሆነ፣ የምንሸጠው ማስታወቂያ ያማረለትን ረኃብ ነው።

ያን ማታ እንቅልፍ የነሣኝንም አሁን ልናገር። እናቴ በሃና አረቄ ትሸጥ ነበር። እኔ የተማርሁት በዚያ ገንዘብ ነው። በገበያ ቀን ፍየል እየነዳ የመጣ ሰው፣ ማር በቅል የያዘ ሰው፣ ሸጦ ጨው ሊገዛ የመጣ ሰው፣ ሲመሽ ባዶ እጁን እየተንገዳገደ ሲመለስ በልጅነቴ አይቻለሁ። ስለ ፒዬሞንቴ ሟቾች ሳነብ የታየኝ የእናቴ ብርጭቆ ነበር። በዚህ ጉዞ ጠየቅኋት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «እኔ የሚጠጣ ሰው ነው ያየሁት፤ ቤቱ የቀሩትን አላየሁም» አለችኝ። ይህን እዚህ እንድናገር ፈቅዳልኛለች። እናቴን ለመክሰስ አይደለም፤ ያሳደገችኝ እርሷ ናት። ነገር ግን ስለ ምግብና መጠጥ ጉዞ የሚያስተምር ሰው ከየትኛው መጠጥ እንደ ተማረ መደበቅ የለበትም። ከማሽላ የሚጠመቀው ቦርዴ ሆድ የሚይዝ፣ በማኅበር የሚጠጣ፣ ከእህሉ መጠን ማለፍ የማይችል መጠጥ ነው። አረቄ ግን በጠርሙስ ከሩቅ ይመጣል፤ ወሰኑ የገዢው ገንዘብ ብቻ ነው። ሁለቱን «የአካባቢ መጠጥ» ብሎ በአንድ ዝርዝር ላይ የሚጽፍ አስጎብኚ ነገሩን አልመረመረም።

ስለዚህ ከዚያ ያልተደረገ ጉዞ ዕቅድ ያተረፍሁትን ለሥራ እንዲሆናችሁ ላስቀምጥ። መጀመሪያ የጓዳ ቀን መቁጠሪያ ያስፈልገናል። እኔና ወዳጄ ለራሳችን ጾምና ለወይን ለቀማ ያን ያህል ከተጨነቅን፣ የሳላማጎ ቤተሰብ በየትኛው ወር ምን እንዳለው፣ በየትኛው ወር እንደሚጎድለው የሚያሳይ መቁጠሪያ ሳይኖር እንግዳ ልንልክ አይገባም። በጎደለ ወር እንግዳው እህሉን ይዞ ይምጣ፤ አለዚያ አይምጣ።

ሁለተኛው ስም ነው። ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉት የቡና ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ጥያቄ ማቅረብ ጀምራ ብዙ ታግላለች። የወንጪ ማርና የሐረና ጫካ ቡናም በስሎው ፉድ በኩል በቦታቸው ስም ይታወቃሉ። የአሪ ኮረሪማና የሃና ማር ግን ገበያ ሲደርሱ ስማቸውን ያጣሉ። ማሩን የቆረጠው ሰው ማን እንደ ሆነ በማሰሮው ላይ ቢጻፍ የዋጋው ድርሻ ወደ እርሱ የሚመለስበት መንገድ ይከፈታል፤ ቢበላሽም የሚጠየቅ ሰው ይኖራል። ፒዬሞንቴ ከሞተው ስሟ የተነሣችው እንዲህ ባለው መንገድ ነው።

ሦስተኛው የወዳጄ ደንብ ነው፤ የበላኸውን ከሠራው ሰው ጋር ተገናኝ። ይህ ለጎብኚው ብቻ አይደለም። በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ ብዙዎቻችሁ ጂንካ ላይ ሦስትና አራት ዓመት ትኖራላችሁ። ከመመረቃችሁ በፊት ስንቶቻችሁ ሃናን ታያላችሁ? ያያችሁትስ ስንቶቻችሁ ተቀምጣችሁ ትበላላችሁ? ስልካችሁን ኪስ ከትታችሁ ሂዱ። ስትሄዱም መጀመሪያ «እናንተ የማትበሉት ምንድን ነው? በዚህ ወር የጎደላችሁስ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

የፒዬሞንቴ ዕቅድ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ወዳጄ ተስፋ አልቆረጠም፤ «ብሩ ይረጋጋ እንጂ እንሄዳለን» ይለኛል። እንሄድ ይሆናል። ከሄድን ግን ባዶ እጃችንን አንሄድም፤ ወዳጄ ኮረሪማ፣ እኔም ስም የተጻፈበት የሃና ማር እንይዛለን። እስከዚያው ግን ቅርብ ያለ እዳ አለብን። የልጅነት ጓደኛዬና አባቱ ለጥር በዓል ጂንካ እንዲመጡ ጠርተናቸዋል። ምን እንደማይበሉ አስቀድመን ጠይቀናል።